የግፊት መዝገቡ እንግዶች

ለማስተርስ ተመዝግቤ የነርሲንግ ቲዎሪ የሚባለውን ኮርስ በጀመርኩበት ሰሞን ቤቴ ውስጥ አጠገቤ ለመቀመጥ የሚደፍር ሰው አልነበረም። ቤቴ ውስጥ የነበረው ሰው ደግሞ ባለቤቴ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢኖር እሱም ይሸሸኝ ነበር።

ጊዜው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከሁለት ሺህ አሥር በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። የምንኖረው ሳን ሆዜ፣ የምሠራው ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል አካባቢ ያለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት መኪናዬን ፍሪሞንት አቁሜ ባርት የሚባለውን ባቡር እሳፈራለሁ። ሌላው ተሳፋሪ ሲያንቀላፋ እኔ መጽሐፌን ጭኔ ላይ ዘርግቼ በቢጫ ቀለም አሰምራለሁ። ሁሉም ነገር አስፈላጊ ስለሚመስለኝ ሁሉንም አሰምራለሁ። ኮርሱ ሲጋመስ መጽሐፌ ውስጥ ቢጫ ያልሆነ መስመር መፈለግ ነበረብኝ።

ከቲዎሪዎቹ ሁሉ ልቤን የወሰደው ራስን ስለ መንከባከብ የሚያወራው ነው። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፤ ሰው ለራሱ ማድረግ የሚችለውን ራሱ ያድርግ፣ ያልቻለውን ብቻ ነርሷ ትሙላለት፣ ነርሷ ከዚያ አልፋ እጇን አታስገባ። ይህችን ለመናገር መጽሐፉ በር መደገፊያ የሚሆን ውፍረት አስፈልጎት ነበር። እኔ ግን ወደድኩት፤ ምክንያቱም ተፈጥሮዬ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሰው ሻዩን ቀስ ብሎ ሲያማስል ካየሁ ማንኪያውን ቀምቼ የማማስልለት ዓይነት ነኝ። ደሴ እያለሁ እናቴ "አንቺ ልጅ፣ ሰው ትንፋሹን እንኳ ራሱ ይተንፍስ፣ ተይው" ትለኝ ነበር። ያንኑ ነገር በእንግሊዝኛ ስለጻፉት ነው መሰለኝ፣ ገና ያን ጊዜ ገባኝ።

የመጀመሪያው ሰለባ ባለቤቴ ሆነ። ኦክላንድ ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሲናደድ ደግሞ የበለጠ ዝም ይላል፤ ስለዚህ ሲናደድና ሳይናደድ መለየት ችሎታ ይጠይቃል። አንድ ጠዋት "ካልሲዬን አይተሻል?" አለኝ። መነጽሬን አውልቄ "ይህ ራስን የመንከባከብ ጉድለት ይባላል። እኔ አላመጣልህም፣ እንድታገኘው ግን አበረታታሃለሁ" አልኩት። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አበረታታሁት። "ጎሽ፣ መሳቢያውን ከፈትክ! በጣም ጥሩ ጅምር ነው!" እያልኩ። አንድ እግሩ ጥቁር፣ አንድ እግሩ ሰማያዊ ለብሶ ወደ ሥራው ሄደ። እኔም ማስታወሻዬ ላይ "ታካሚው መሻሻል አሳይቷል" ብዬ ጻፍኩ።

ራሴን አመመኝ ሲለኝ ደግሞ "ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር ስጠኝ" እለዋለሁ። "መቼ ጀመረህ? ምን ያባብሰዋል? ምን ያስታግሰዋል?" አንድ ቀን "አሥራ አንድ ነው፣ የሚያባብሰውም ይሄ ጥያቄ ነው" አለኝና ከዚያ ወዲያ አመመኝ ማለት ተወ። እኔ የተሻለው መስሎኝ ደስ አለኝ።

የኮርሱ መደምደሚያ ፕሮጀክት ነበር። መምህራችን በጣም ዝግ ብላ የምትናገር፣ ረጅም አሜሪካዊት ናት፤ ስትናገር ክፍሉ ሁሉ ወደ ፊት ያዘነብላል። "ቲዎሪያችሁን መጽሐፍ ውስጥ አትተዉት፤ ወደ ሥራ ቦታችሁ ወስዳችሁ አንድ ነገር አሻሽሉበት" አለችን። እኔም ለክሊኒካችን ሐኪም ሐሳቤን አቀረብኩ። ግፊት ያለባቸው አሥር ታካሚዎች የግፊት መለኪያ ማሽን ወደ ቤታቸው ይወስዳሉ፤ ራሳቸው ይለካሉ፤ ራሳቸው መዝገብ ላይ ይጽፋሉ። ክሊኒክ ሲመጡ ነጭ ጋዋን አይተው ከሚደነግጡ፣ ሶፋቸው ላይ ተዝናንተው የለኩትን ብናይ ይሻላል። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፣ ለነገር ሁሉ ይጓጓል፤ ሳይውል ሳያድር ፈቀደልኝ።

ከአሥሩ ታካሚዎቼ ኮከቧ አንዲት የወሎ እናት ነበሩ። ሰባ ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። ሐይቅ አጠገብ ነው የተወለዱት፤ ኦክላንድ ውስጥ አረጋውያን የሚኖሩበት ሕንፃ ላይ ለብቻቸው ይኖራሉ። ያወቅኋቸው በባለቤቴ በኩል ነው። አርብ አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከመስጊድ በታክሲው ጭኖ ቤታቸው የሚያደርሳቸው እሱ ነበር። ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው።

ክሊኒክ አስቀምጬ አስተማርኳቸው። ጀርባ ወንበሩን ይደገፍ፣ ሁለት እግር ወለል ይርገጥ፣ እግር በእግር ላይ አይነባበር፣ ክንድ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፣ መዳፍ ወደ ላይ ይዞር፣ እስኪያልቅ አንድ ቃል አይነገር። ስለ መዝገቡም ሁለት ነገር አጠበቅኩባቸው። ታካሚዎች መጥፎ ቁጥር ሲወጣባቸው ይደብቃሉ፣ ነርሷ እንዳታዝን ብለው። ስለዚህ "ማሽኑ ያወጣውን ቁጥር ሁሉ ይጻፉ፤ አንድም እንዳይዘሉ" አልኳቸው። ሁለተኛው፣ መዝገቡን ትምህርት ቤት ስለማሳየው ስም አይጻፍበትም። "የታካሚ ነገር ምስጢር ነው፣ እማማ። ለማንም አይነገርም።"

ይህኛው በጣም ገረማቸው።

"ለልጅም አይነገር?"

"ለልጅም።"

"ለባል፣ ለሚስትም?"

"ታካሚው ካልፈቀደ ለሚስትም አይነገርም።"

"ማሻአላህ፣ ይሄ እንዴት ያለ ደግ ሕግ ነው!" አሉና ከላይ እስከ ታች የነገርኳቸውን አንድም ሳያስቀሩ ደገሙልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ተማሪ አጋጥሞኝ አያውቅም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በሁለተኛው ሳምንት መዝገቦቹ መጡ። አንዱ ታካሚዬ ለአሥራ አራት ቀን ያንኑ ቁጥር፣ በዚያው እስክሪብቶ፣ በአንድ ቁጭታ ጽፎት መጣ። ሌላዋ የማሽኑን ባትሪ ለቴሌቪዥኑ ሪሞት አውላዋለች። የእማማ መዝገብ ግን ቁልጭ ያለ ነበር። አርባ ሰባት መስመር! አርባ ሰባት ጊዜ ለክተዋል፤ ቀኑ አለ፣ ቁጥሩ አለ፣ ስም የለም። ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ ቁጥሮቹን አየሁ። ጠዋት መቶ ሃያ አምስት። ከሰዓት መቶ ሰባ አንድ። ከዚያ ዘጠና ስምንት። ከዚያ መቶ አርባ። አርብ ቀን ደግሞ መቶ ዘጠና ስድስት። በሚቀጥለው አርብ እንደገና መቶ ዘጠና ስድስት። በግራፍ ሳወጣው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ መሰለ።

ሐኪሙ ወረቀቱን ይዞ ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሣ። "በአንድ ሳምንት ውስጥ ከዘጠና ስምንት ወደ መቶ ዘጠና ስድስት?" አለ። እንዲህ ግፊትን ሽቅብ ቁልቁል የሚያስኬድ፣ በመጽሐፍ እንጂ በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ብርቅ የዕጢ በሽታ እንዳለ ነገረኝ። ፊቱ ላይ ፍርሃትና ደስታ አብረው ይታዩ ነበር። እኔማ ክንፍ አወጣሁ። ግራፉን ክፍል ውስጥ አቀረብኩ፤ መምህራችን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አየችው፤ ከዳሊ ሲቲ የምትመጣ ልጅ የሷን ፕሮጀክት ትታ የኔን ፎቶ አነሣች። በሽታውን ያገኘችው ነርስ ተብዬ የሆነ ጉባኤ ላይ ስናገር፣ ምን እንደምለብስ ሁሉ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ደግነቱ ሐኪሙ ከእኔ ይሻላል። "መድኃኒታቸውን ከመጨመሬ በፊት ቤታቸው ሄደሽ እንዴት እንደሚለኩ ቼክ አድርጊልኝ" አለኝ።

ረቡዕ ከሰዓት ሄድኩ። እማማ በሩን ከፍተው ሳሙኝና ሶፋው ላይ አስቀመጡኝ። ገና አፌን ሳልከፍት ትሪ ይዘው መጡ። ትሪው ላይ ሻይ አለ፣ ብስኩት አለ፣ መሃል ላይ ደግሞ ዳንቴል የለበሰ አንድ ነገር አለ። ዳንቴሉን ገለጥ ሲያደርጉት የክሊኒካችን ግፊት መለኪያ ነው።

"በይ፣ ክንድሽን" አሉኝ።

አለካካቸውን ሊያሳዩኝ መስሎኝ ሰጠኋቸው። "ጀርባሽን ደገፍ። እግርሽን አታነባብሪ። ዝም በይ" አሉኝ፤ ዝም አልኩ። መቶ ሠላሳ ስምንት አወጣሁ። ከንፈራቸውን መጠው "ይሄ ትምህርት ይገልሻል" አሉና ከትሪው ሥር መዝገቡን አውጥተው ጻፉ።

"እማማ፣ ምን እየጻፉ ነው?"

"ቁጥርሽን ነዋ።"

"መዝገቡ ላይ? የእርስዎ መዝገብ ላይ?"

"ማሽኑ ያወጣውን ሁሉ ጻፊ፣ አንድም እንዳትዘይ ያልሽኝ ራስሽ አይደለሽ?"

ቀስ እያለ ገባኝ። "እማማ፣ ሰው ሲመጣ ይለኩታል?"

እሳቸውም እኔን የታዘቡ መሰሉ። "እና ሰው ቤቴ ገብቶ፣ ቁጭ ብሎ እያየኝ፣ ለብቻዬ ክንዴን ልጠምጥም? እኔ ተለክቼ እንግዳዬን ሳልለካ ልስደድ? ነውር አይደለም እንዴ፣ ልጄ?"

እውነታቸውን ነው። እኔ ራሴ በዚያ ወግ ያደግሁ ሰው፣ ማሽን ለአንዲት የወሎ እናት ሰጥቼ ለብቻዎ ይጠቀሙበት ማለቴ የኔ ጅልነት ነው። መጽሐፉ ራስን ስለ መንከባከብ ሲጽፍ ያ "ራስ" የሚባለው ሰው ቤቱን ዘግቶ እንደሚቀመጥ አስቦ ነው። የእማማ በር ደግሞ ተዘግቶ አያውቅም።

"እሺ፣ ከእነዚህ ውስጥ የእርስዎ የቱ ነው?"

መነጽራቸውን አድርገው መዝገቡን እያገላበጡ አዩት። "ጠዋት ጠዋት ያለው የኔ ነው፤ ፈጅር እንደሰገድኩ ነው የምለካ። ይቺ የታች ቤቷ ቻይና ናት። ይሄ ደግሞ የፖስተኛው..." አሉና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጣሉ። "አስተግፊሩላህ! ምስጢር አወጣሁ!"

የጠዋቶቹን ቁጥሮች ለብቻ አየኋቸው። ግፊታቸው የአሥራ ስምንት ዓመት ኮረዳ ነው። ብርቁ በሽታ፣ ጉባኤውና የምለብሰው ልብስ እዚያው ሶፋ ላይ ቀሩ። ሳቄ መጣ፤ ግን አልሳቅሁም፣ ምክንያቱም ዓይኔ አርብ ላይ ነበር። መቶ ዘጠና ስድስት የእሳቸው ካልሆነ የሌላ ሰው ነው። ያ ሰው መድኃኒት አይወስድም ማለት ነው። ያ ሰው መኪና ይነዳ ይሆናል፣ ደረጃ ይወጣ ይሆናል፣ ከነገ ወዲያ አንድ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት መንገድ ላይ ይወድቅ ይሆናል።

"እማማ፣ ይሄ የማን ክንድ ነው?"

እማማ መዝገቡን ከደኑት።

"እማማ፣ ይሄ ሰው አደጋ ላይ ነው። ስትሮክ ሊመታው ይችላል።"

"ለማንም አይነገር ብለሻል" አሉ። "ፖስተኛው አመለጠኝ፤ ከእንግዲህ አንገቴን ብትቆርጪው አንድ ስም አይወጣኝም።"

"ያ ሕግ ለእርስዎ አይደለም! ለኛ ነው! ለነርሶች!"

"ክንድ የጠመጠመ ሁሉ አይደል ነርሱ? እኔ ነኝ የለካሁት።"

ደሜ ፈላ። ያኔ ብለካ ከሰውየውም እበልጥ ነበር። "ቢያንስ ይንገሩት" አልኩ። እሳቸውም ፊታቸው ጠቆር አለ። "መች ሳልነግረው ቀረሁ። ሐኪም ቤት ሂድ ብዬ ለምኜዋለሁ። ኢንሻአላህ ይለኛል።" ስለዚህ ወንድ ነው። ይህን በልቤ ያዝኩ።

"አግብቷል?"

"እሱም ምስጢር ነው።"

"ካገባ ሚስቱ ታውቃለች?"

ረጅም ጊዜ አዩኝ። "አታውቅም" አሉ።

"እንዴት ያለች ሚስት ናት!" አልኩ።

"ክፉ አይደለችም" አሉ ሻይ እየጨመሩልኝ። "ሥራ ይበዛባታል።"

በማግስቱ ለሐኪሙ ነገርኩት። መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሳቀ፣ ከዚያ የእማማን መድኃኒት ባለበት ተወው፣ ከዚያ ሳቁን አቁሞ "መቶ ዘጠና ስድስቱን ሰው ግን ፈልጊው" አለኝ። ለመምህሬም ሐቁን ጻፍኩላት። ግራፌ የአንድ ሰው ሳይሆን የአንድ ሕንፃ ግፊት መሆኑን፣ ከዚያ ውስጥ አንዱ የፖስታ ቤት ሠራተኛ መሆኑን ሳልደብቅ አስረዳሁ። "ጥፋቱን እንደ ጥፋት ጽፈሽ አቅርቢው" የምትል አጭር መልስ ላከችልኝ። ፕሮጀክቴ ያለፈው በዚያ ነው፤ ስለ ጥፋት ከጻፉት ሁሉ የኔ ረጅሙ ነበር።

ያን ዕለት እራት ላይ ለባለቤቴም አወራሁለት።

"አርብ አርብ እማማ ቤት የሚገባ አንድ ሰው አለ፤ ግፊቱ ጣራ ነክቷል፤ ሚስቱ ምንም አታውቅም። አንተ አርብ አርብ እዚያ ነህ አይደል? አላየህም?"

"ብዙ ሰው ይገባል" አለ ሳህኑን እያየ።

"ወፍራም ነው? ፊቱ ቀላ ያለ ነው?"

"እኔ እንጃ።"

"ያችን ሚስቱን ባገኛት ልክ ልኳን ነበር የምነግራት። አንድ ቤት እያደሩ!"

"ይሆናል" አለና ሳህኑን ይዞ ተነሣ። ራሱ አጠበው። እኔ ደግሞ ቲዎሪዬ ሥራ ጀመረ ብዬ ኮራሁ።

አርብ ከሥራ አስፈቅጄ እማማ ቤት ተሰየምኩ። ሰውየውን እጅ ከፍንጅ ልይዘው ነው። ከመስጊድ ባለቤቴ እማማን አምጥቶ በር ላይ አወረዳቸው፤ እኔን መስኮት ላይ ሲያይ እጁን አውለበለበና "ፕሌዘንተን የሚሄድ ሰው ይዣለሁ" ብሎ ሄደ። እንግዶቹ ገቡ። ሰባት ስምንት ሰው ይሆናል። እኔ ማሽኑን ይዤ እንደ ኬላ ጠባቂ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ፖስተኛው እንኳ ደብዳቤውን ጥሎ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ ተራ ያዘ። በጣም የጠረጠርኩት ሥጋ ቤት ያለውን ሰው ነበር፤ አንገቱ ወፍራም ነው፣ ሲስቅ ይቀላል። መቶ አሥራ ሁለት ሆነ። አላመንኩም፣ ደግሜ ለካሁት፣ መቶ አሥር። በሦስተኛው "እህቴ፣ ምን በድዬሽ ነው?" አለኝ።

መቶ ዘጠና ስድስት አልመጣም።

"ሰውየው ቀረ" አልኩ እንግዶቹ ሲወጡ።

"ቀረ" አሉ እማማ። እሳቸውም ከልባቸው አዝነዋል።

ያኔ ሆድ ባሰኝ። ፕሮጀክቱ አልነበረም ያሳዘነኝ። የማላውቀው አንድ ሰው ኢንሻአላህ እያለ ሲሞት ታየኝና እንባዬ መጣ። እማማ አጠገቤ ተቀመጡ።

"እስቲ ያ ትምህርትሽ ምን ይላል፣ ሰው ለራሱ ማድረግ አቅቶት እንደሆነ?"

"የሚችል ሰው ይሙላለት ይላል።"

"የግድ ነርስ መሆን አለበት?"

"የግድ አይደለም። ቤተሰብም ይሆናል።"

"ምስጢሩ ሳይወጣ?"

"ሳይወጣ።"

"እሺ። አብሽሪ" አሉኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ፣ እኩለ ቀን ሳይሆን፣ የሳን ሆዜ ቤታችን ደወል ተደወለ። በሩን ስከፍት እማማ ቆመዋል። የጎረቤታቸው ልጅ በመኪናዋ አድርሳቸው ተመለሰች። በስንት ዓመት አንድ ቀን ቤቴን ረግጠው አያውቁም፤ ሳን ሆዜ ሩቅ ነው፣ መንገዱ ያዞረኛል እያሉ። በእጃቸው ፌስታል ይዘዋል። ፌስታሉ ውስጥ ምን እንዳለ ሳይነግሩኝ አወቅሁ።

"ቢስሚላህ" ብለው ተቀመጡ፤ መጀመሪያ ራሳቸውን ለኩ። ቀጥሎ እኔን ለኩ፤ መቶ አርባ፤ ከንፈራቸውን መጠጡ። ባለቤቴ ጥግ ያለው ወንበር ላይ ነበር። እኔ ሻይ ላመጣ ተነሥቼ በሩ ላይ ስደርስ ዞር አልኩ።

እማማ ገና ከመቀመጫቸው አልተነሡም፤ አንድ ቃል አልተናገሩም። እሱ ግን የግራ እጅጌውን ቁልፍ ፈትቶ ጠቅልሎ ጨርሷል። ጀርባው ወንበሩን ተደግፏል። ሁለት እግሩ ወለሉን ረግጧል። ክንዱ ወንበሩ መደገፊያ ላይ አርፏል፣ መዳፉ ወደ ላይ ዞሯል። አፉን ገጥሞ ይጠብቃል። ከአሥሩ ታካሚዎቼ እንደዚያ አድርጎ የተቀመጠ አንድም ሰው አልነበረም። ያን አቀማመጥ ከእኔ አልተማረውም፤ እኔ ያስተማርኳት ሴት ናት ያስተማረችው። ከአንድ ቀን በላይ፣ ከአንድ አርብ በላይ።

ማሽኑ ነፋ፣ ጠበቀ፣ ቀስ እያለ ተነፈሰ። እማማ ምስጢር ነውና ቁጥሩን አላነበቡትም። ማሽኑን ብቻ አንስተው ፊቱን ወደ እኔ አዞሩት። መቶ ዘጠና አራት።

"ለምን አልነገርከኝም?" ብዬ ጮህኩ። እማማ ጣታቸውን አነሡ፤ ጨርቁ ገና ክንዱ ላይ ነው፣ ሰው ሲለካ አይናገርም። ጨርቁን እስኪፈቱለት ሦስታችንም ዝም ብለን ጠበቅን።

"እሳቸው ቤት ሁሉም ይለካል" አለ በመጨረሻ፣ እጅጌውን እያወረደ። "ፖስተኛው ይለካል፣ እኔም እለካለሁ። ሰው ነኝ እዚያ። አንቺ ጋ ስሆን ጉድለት ነኝ። አሞኛል ካልኩሽ ቁጥር ትጠይቂኛለሽ። ደግሞ ደክሞሽ ነው የምትገቢው፤ እኔን ተጨማሪ ሥራ ላድርግብሽ?"

አፈርኩ። ከማፈሬ በላይ ፈራሁ። ስንት አርብ? ስንት መንገደኛ ጭኖ፣ ስንት ጊዜ በኤይት ኤይቲ አውራ ጎዳና ተመላለሰ፣ እኔ ባርት ውስጥ መጽሐፍ ሳሰምር? ተናድጄም ነበር፣ በእሱም በራሴም፤ ግን ለመናደድ ጊዜ አልነበረም። ራስህን ያዞርሃል? አልኩት፤ ደረትህን ያምሃል? እጅህ ይደነዝዛል? አይ፣ አይ፣ አይ። ቁጥር አልጠየቅሁትም። ስልክ አንስቼ አቅራቢያችን ወዳለ ሆስፒታል ደወልኩ፣ ዛሬውኑ አምጪው አሉኝ፣ ቁልፍ አነሣሁ።

ሳን ሆዜ ያለ አስቸኳይ ሕክምና ክፍል ወሰድኩት። እማማም አልቀርም ብለው መጥተው መጠበቂያው ውስጥ ተቀመጡ፤ ፌስታላቸውን እንዳይከፍቱ አስምያቸዋለሁ። እኔንና ባለቤቴን አንዲት ወጣት ነርስ ወደ ውስጥ አስገባችን። ክንዱን ለካች፣ ዓይኗ ተለጠጠ፣ ግን እንደኔ አልጮኸችም። ኮምፒውተሯ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ትጠይቀው ጀመር። እኔ ከጎኑ ተቀምጫለሁ። ከመቸኮሌ ብዛት ከመኪናው ቁልፍ ጋር ያነሣሁት የክሊኒኬ ባጅ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከስሜ ሥር ነርስ የሚል ተጽፎበታል።

"በጤናዎ ጉዳይ የሚረዳዎት ሰው አለ?" አለችው።

"አለ" አለ ሳያመነታ። "አንዲት እናት አሉ። ኦክላንድ ነው የሚኖሩት።"

ጻፈችው። "ስልካቸውን ያውቁታል?"

ስልኩን መኪና ውስጥ ትቶታል፣ ቁጥሩን በቃሉ አያውቀውም። ወደ እኔ ዞረ። እኔ አውቀዋለሁ። ቁጥሩን እያንዳንዱን ዝግ ብዬ ነገርኳት፣ እሷም ጻፈችው።